የኢቢስ ወፍ ምስክርነት
ስለ ሕያዋን ወገን መለወጥ የቀረበ ሐተታ

የሕያዋን ፍጥረታት ወገን ይለወጣልን ወይስ እንደ ቆመ ይኖራል? ይህ ጥያቄ ብዙ ሊቃውንትን ለያይቷል። በአማርኛ ስለዚህ ነገር የሚነገረውንና የሚጻፈውን የሚመረምር ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የተደባለቀ ነገር ነው። አንዱ ሊቅ የተናገረው ለሌላው ይሰጣል፤ «ተለወጠን?» ለሚለው የቀረበው ማስረጃ «በምን ምክንያት ተለወጠ?» ለሚለው ይጠቀሳል። ይህን ለይቶ ለማሳየት አንድ ወፍ ይበቃናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1798 ናፖሌዎን ወደ ግብፅ በዘመተ ጊዜ ብዙ ሊቃውንት አብረውት ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ዤኦፍሯ ሰንት ኢሌር ከጥንት መቃብር የደረቁ እንስሳትን ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ወሰደ። የጥንት ግብፃውያን ቶት ለሚባለው ጣዖታቸው ቀድሰው በመግነዝ ጠቅልለው የቀበሩት ኢቢስ የተባለው ወፍም በዚያ ውስጥ ነበረ። ይህ ወፍ ገላው ነጭ፥ ራሱና አንገቱ ጥቁርና ላባ የሌለው፥ ምንቃሩም እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው።

ዦርዥ ኩቪዬ የሙታኑን ወፎች አጥንት ከሕያዋኑ አጥንት ጋር አስተያየ። ቀድሞ የነበሩት ሊቃውንት ሌላ ወፍ ኢቢስ ይሉ ነበርና ይህን ስሕተት አረመ። እውነተኛው ኢቢስ ወደ አገራችን በ1769 የመጣው ጄምስ ብሩስ «አቡ ሐነስ» ብሎ በ1790 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፍ የገለጸው ወፍ መሆኑን አስረዳ። ብሩስ የስሙን ትርጕም አባ ዮሐንስ ብሎታል። ከዚህ በኋላ ኩቪዬ፦ ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ በወፉ ላይ አንዳች ለውጥ አልተገኘምና ወገን አይለወጥም ሲል ፈረደ።

ላማርክ በ1809 ባሳተመው መጽሐፍ መልስ ሰጠ። መልሱም ሁለት ነው። አንደኛ፥ የግብፅ አየርና ኑሮ እንደ ጥንቱ ስለ ሆነ ወፉ የሚለወጥበት ምክንያት አልነበረም። ሁለተኛ፥ ሁለትና ሦስት ሺህ ዓመት ከምድር ዕድሜ ጋር ሲመዘን እጅግ ጥቂት ነው። በእውነትም የኩቪዬ ምስክር የታመነ ነበረ፤ ፍርዱ ግን ከምስክሩ አለፈ። የዛፍ ጥላን ለቅጽበት ያህል አይቶ «ጥላ ከቦታው አይሄድም» የሚል ሰው ያየው እውነት ነው፤ የተናገረው ግን ካየው ይበልጣል።

ነገር ግን በዘመን ረገድ የረታው ላማርክ በምክንያት ረገድ ተረታ። እርሱ እንዳለው እንስሳ አካሉን በማዘውተር ያሳድገዋል፥ በመተው ያሳንሰዋል፤ ያገኘውንም ለልጁ ያወርሳል። ቀጭኔም ቅጠል ለመቅጠፍ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲንጠራራ አንገቱ ረዘመ። ዋይስማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ የአይጦችን ጅራት በየትውልዱ እየቈረጠ ቢመለከት፥ ጅራታቸው ከተቈረጠባቸው ከ5 ትውልድ ወላጆች 901 ልጆች ተወልደው አንድ ስንኳ ጅራተ ጐደሎ አልተገኘም።

ዳርዊንና ዋላስ በ1858፥ ይልቁንም ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ ያመጡት ምክንያት ሌላ ነው። ከሚወለዱት ብዙዎች በሕይወት የሚቈዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ልጆችም ሲወለዱ አንድ ዐይነት አይደሉም። ለኑሮው የሚስማማ ጠባይ ያለው ይተርፋል፤ ያንኑም ያወርሳል። እንግዲህ በዚህ ቃል ቀጭኔው ስለ ተንጠራራ አንገቱ አልረዘመም፤ ቀድሞ ረዥም አንገት ይዞ የተወለደው በረኀብ ጊዜ ተረፈ እንጂ። ዳርዊን የላማርክን ምክንያት ጨርሶ አልጣለውም፤ ዋና አድርጎ ያቆመው ግን መመረጥን ነው። ስለዚህ የሚንጠራራውን ቀጭኔ የዳርዊን ትምህርት ነው ብሎ የሚያስተምር፥ ከዚያም የሚነቅፍ ወይም የሚያመሰግን፥ ያልተናገረውን ሰው ይከሳል፥ ያልተናገረውንም ሰው ያወድሳል። ጠባይ እንዴት እንደሚወረስ ዳርዊን አላገኘውም ነበር፤ ይህን በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየተከለና እየቈጠረ ያገኘው መነኵሴው ግሬጎር ሜንዴል ነው። በ1866 ያሳተመውን ግን እስከ 1900 ድረስ ልብ ያለው ጥቂት ነው።

አሁን ስለ ቃላችን እንመርምር። ይህን ትምህርት በአማርኛ «ዝግመተ ለውጥ» እንለዋለን። ዝግመት የአካሄድን መዘግየት ይናገራል፤ ምክንያትን ግን አይናገርም። ዳርዊን ራሱ ለውጡ በዝግታ ነው ብሎ ስላመነ ስያሜው ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ግን ሁልጊዜ አይገጥምም። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት ከ1973 ጀምሮ በጋላፓጎስ ደሴቶች በአንዲቱ፥ በዳፍኔ ሜጀር፥ ትናንሽ ወፎችን እየለኩ ተመለከቱ። በ1977 ድርቅ ሆኖ ጥቃቅኑ ፍሬ ሲያልቅ ጠንካራውን ፍሬ መስበር የሚችሉት ባለ ትልቅ ምንቃሮች ይበልጥ ተረፉ፤ ልጆቻቸውም ባለ ትልቅ ምንቃር ሆኑ። ከ1983 ብርቱ ዝናብ በኋላ ጥቃቅን ፍሬ በበዛ ጊዜ ደግሞ ባለ ትናንሽ ምንቃሮች በረቱ። እነሆ፥ አንዱ ወፍ በሺህ ዓመታት ሳይለወጥ ታየ፤ ሌላው በአንድ ድርቅ ተለወጠ። የነገሩ ሥር መዘግየት አይደለም፤ መወለድ፥ መለያየት፥ መትረፍና ማውረስ ነው። ስሙን መሻር አያስፈልግም፤ ሕዝብ ለምዶታልና። መምህር ግን ስሙን ሲጠራ ትርጕሙን አብሮ ይናገር።

ይልቁንስ የግእዙን «ዘመድ» ልብ እንበል። በግእዝ ዘመድ ማለት ወገን፥ ዐይነት ማለት ነው፤ የሥጋ ተወላጅም ማለት ነው። አማርኛ ሁለተኛውን ይዞ የፊተኛውን ተወ። የዳርዊን ሐሳብ በዚህ በአንድ ቃል ይጠቀለላል፤ በዐይነት የሚመሳሰሉት በትውልድ የሚዛመዱ ናቸው ማለቱ ነውና። ቃሉ ለሐሳቡ ማስረጃ አይሆንም፤ ለማስተማር ግን ይመቻል።

በአንድምታ ትምህርት መምህሩ «አንድም» እያለ ትርጓሜን ከትርጓሜ ይለያል፤ ሁለቱም አብረው ሊቆሙ ይችላሉ። በተፈጥሮ ምክንያት ክርክር ግን እንዲህ አይደለም፤ የአይጦቹ ጅራት አንዱን ትርጓሜ ጥሏልና። ሆኖም የመለየቱ ልማድ ለሁለቱም ይጠቅማል። ተለወጠን? አንድ ጥያቄ ነው። በምን? ሌላ ነው። ፈጣሪው ማን ነው? ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ እርሱ በአጥንትና በምንቃር ልክ አይመዘንም። በአንዱ መልስ ሌላውን የሚዘጋ፥ አማኝም ቢሆን ከሓዲም ቢሆን፥ የኩቪዬን ስሕተት ይደግማል፤ እውነተኛ ምስክር ይዞ ምስክሩ ያላለውን ይፈርዳልና።