የመኪና ግርግር ዐይኖች

የወንጀል ጥናትን በመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሰው ሐረር ከመጣ፣ ደብተሩን ይዞ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ መኪና ግርግር ጎዳና ይውረድ። ልብስ ሰፊዎቹ ከነመኪናቸው ደጅ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ፔዳሉ ላይ፣ ዐይናቸው መንገዱ ላይ። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ያቀረቀረው እንኳ እንግዳ ሲያልፍ ቀና ይላል። ጸሐፊዋ ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ መንገድን ከፖሊስ በፊት የሚጠብቀው የነዋሪው ዐይን ነው ያለችው የኒውዮርክን ሰፈሮች አይታ ነው። በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ሐረር፣ ጁገልን፣ ብታይ ምን ትል ነበር?

የወንጀል ጥናትን የምወደው «ማን ሰረቀ?» ብሎ ስለማያቆም ነው፤ «እዚህስ ለምን ሳይሰረቅ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በአንቀጽ 1 ወንጀልን መከላከል ግቡ እንደሆነ ይናገራል። ለመከላከልም አምስቱ የጁገል በሮች ድሮ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፤ በ1855 እ.ኤ.አ. ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ቁልፎቹ ለአሚሩ ይቀርቡ እንደነበር ጽፏል። እኔ ግን ከቁልፉ አፎቻውን አስበልጣለሁ። ለሠርግና ለቀብር የሚሰበሰበው ይህ ማኅበር ማን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። ጎረምሳው ካጠፋ፣ ወሬው ቀድሞት እቤት ይገባል።