ሬትን በቁሙ መለየት

ሬት ውኃን በቅጠሉ ቋጥሮ ድርቅን የሚያሳልፍ ሥጋማ ተክል ነው። አሎ የሚባለው ወገኑ ከ500 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ የሚበቅሉትም በአፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በኢትዮጵያ ከሞቃቱ የአዋሽ ሸለቆ አንስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ እስካሉት የአንኮበር ገደሎች ድረስ ይገኛል። አዳማ ያለችው በዚህ ከፍታ መካከል፣ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ መተሐራ ሲደርስ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ወደ አርሲ የሚያቀናው ደግሞ ደጋውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ከአዳማ የሚነሳ ተክል ለቃሚ ዝቅ ባለ ቁጥር ሌላ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ሌላ ሬት ያያል። ሥራው የሚከብደው ግን ከዚህ በኋላ ነው፦ ሬት ተቆርጦ ከደረቀ መለያዎቹን አብዛኛዎቹን ያጣል። የሚለየው በቁሙ ሳለ ነው።

መጀመሪያ ሬት ያልሆነውን መለየት ያስፈልጋል። በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር የሚታየው ቃጫ ከሩቅ ሬት ይመስላል፤ ትውልዱ ግን አሜሪካ ነው። ቅጠሉ ሲሰበር ጠንካራ ክር ይመዘዝበታል፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ከዚያም ይሞታል። ሬት በየዓመቱ ማበብ ይችላል። ጥርጣሬ ካለ አበባውን ሰንጥቆ ማየት ነው፦ ዘር የሚይዘው ክፍል ከአበባው ቅጠሎች በታች ከሆነ ቃጫ፣ በውስጣቸው ከሆነ ሬት ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል። እንዳሁላም ሥጋማ ቅጠል አለው፤ ነገር ግን ቅጠሎቹ በግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፣ የአበባው ቅጠሎችም አራት ናቸው። የሬት አበባ ሦስት በውጭ፣ ሦስት በውስጥ ሆነው ቱቦ የሠሩ ስድስት ቅጠሎች አሉት፤ ፍሬው ሲደርቅ በሦስት ይሰነጠቃል።

ሬት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የትኛው ሬት እንደሆነ ለማወቅ ዓይን ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት። ግንድ አለው ወይስ ቅጠሎቹ ከመሬት ይነሳሉ? ብቻውን ቆሟል ወይስ ዙሪያውን ቡቃያ አብዝቷል? በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ያሉት እሾሆች ርቀትና ቀለምስ? በዚህ ላይ ጀማሪዎች የቅጠል ቀለምን ከሚገባው በላይ ያምናሉ። በበጋ የተጎዳ ሬት ቅጠሉ ይቀላል፤ በክረምት ያው ተክል አረንጓዴ ነው። ነጭ ነጠብጣብም በልጅነቱ ኖሮ ሲያድግ ሊጠፋ ይችላል። ይበልጥ የሚታመነው አበባው ነው፦ አገዳው ስንት ቅርንጫፍ እንዳወጣ፣ ዘለላው መጠጋጋቱ ወይም መሳሳቱ፣ የአበባው ርዝመት፣ ፀጉር መኖር አለመኖሩ።

ፀጉሩ በአዋሽ ሸለቆ ቁልፍ ምልክት ነው። የጀርመኑ የእጽዋት ተመራማሪ በርገር እ.ኤ.አ. በ1905 ስም ያወጣለት አሎ ትሪኮሳንታ አበባው በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ነው፤ ይህም በማጉያ መነጽር ከደረቀም በኋላ ይታያል። እንዲህ ያለ ዕድል ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። በስምጥ ሸለቆው ደቡባዊ ክፍል የሚበቅለው አሎ ጊልበርቲ ቁመት ያለው፣ ተሰባስቦ የሚያድግ ቁጥቋጦ ሬት ነው። ከእርሱ አንድ ቅጠልና አንድ ዘለላ ብቻ ቆርጦ የሚመጣ ሰው ዋናውን መለያ፣ ማለትም ግንዱንና አቋሙን፣ ሜዳ ላይ ትቶት ይመጣል። ለአጥር የተተከለ ከሆነም በማስታወሻው ላይ መጻፍ አለበት፤ ያለበለዚያ ሰው ያደረሰበት ቦታ የተፈጥሮ መኖሪያው ተደርጎ ይቆጠራል።

ማድረቁ ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። ሬት የቅጠሉን ቀዳዳዎች በሌሊት ከፍቶ አየር ያስገባል፣ ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ይዘጋቸዋል፤ ውኃ ቆጣቢ ስለሆነ በወረቀት መካከል ተጭኖም ለሳምንታት አይሞትም፣ አንዳንዴም ማደጉን ይቀጥላል። ስለዚህ ቅጠሉ በቁመቱ ተሰንጥቆ የውስጡ ዝልግልግ ይፋቃል፣ ልጣጩ ከነእሾሁ ይቀመጣል። ወረቀቱም ሻጋታ ሳይቀድመው ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ፣ እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት መራራው፣ ወዲያው ቀለሙ ይመዝገብ፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል።

አንድ ተክል ሁለት ስም ሊያገኝ እንደሚችል የደብረ ብርሃኑ ሬት ያሳያል። ክርስቲያን የተባለ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1947 አሎ ደብራና ብሎ ሰየመው። በ1950ዎቹ ሬይኖልድስ ከዚያው አካባቢ አሎ በርሃና የሚል ሌላ ስም አወጣ። በኋላ ሁለቱ አንድ ተክል መሆናቸው ታወቀ፤ ቀድሞ የወጣው ስም ጸና። የክሮሞሶም ቆጠራም እንዲህ ያለውን ጉዳይ ብዙ አይፈታም፤ አብዛኞቹ የሬት ዝርያዎች ያው 14 ክሮሞሶም ነው ያላቸው። አጠገብ ለአጠገብ ሲያብቡም፣ ማር ቀሳሚ ወፎች ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚያደርሱ ድቅል ይፈጠራል።

ይህን ሁሉ መልክ ያስያዘው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መዝገብ ሥራ ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በሬት ላይ የሠሩት ጥናት በዚህ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ ከሚካኤል ጊልበርት ጋር በ1997 ስም ካወጡላቸው መካከል ከሸዋ ገደሎች የሚንጠለጠለው አሎ ፑልኬሪማ ይገኝበታል። ሬት ቀድሞ ከሊሊ ቤተሰብ ይቆጠር ነበር። በመዝገቡ ስድስተኛ ቅጽ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ሆነ። ዛሬ ደግሞ የዘረመል ጥናትን ተከትሎ፣ በደጋ ሜዳ ከሚያብበው ኒፎፊያ ጋር በአስፎዴሎች ቤተሰብ ይመደባል። ቤተሰቡ ቢለዋወጥም ለቃሚው ሜዳ ላይ የሚጽፈው አይለወጥም፦ ቦታ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የግንድ ቁመት፣ የቡቃያ ብዛት፣ የቅርንጫፍ ቁጥር፣ የአበባና የፈሳሽ ቀለም፣ የሙሉ ተክሉ ፎቶግራፍ።