ማረጋገጫን መንፈግ

ኦሲዲ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የአእምሮ ሕመም ሁለት የተቆራኙ ገጽታዎች አሉት፤ አንደኛው ታማሚው ሳይፈልገው እየተመላለሰ የሚያስጨንቀው ሐሳብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያን ጭንቀት ለማብረድ ደጋግሞ የሚፈጽመው አስገዳጅ ድርጊት ነው። እጅን ያለማቋረጥ መታጠብ፣ የበርን መቆለፍ መላልሶ ማየት፣ በልብ መቁጠር ከእነዚህ ድርጊቶች ይመደባሉ። ድርጊቱ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ይሁን እንጂ ያ እፎይታ፣ አደጋው እውነተኛ እንደ ነበረና የተወገደውም በድርጊቱ እንደ ሆነ ለታማሚው ስለሚያስተምረው፣ በሌላ ጊዜ ድርጊቱን መተው የባሰ ይከብደዋል። ለዚህ ሕመም የሚሰጡ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች ሲነጻጸሩ በቅድሚያ ሊጤን የሚገባው ከዚህ እፎይታ ጋር ያላቸው ግንኙነት ነው።

ቪክተር ማየር እ.ኤ.አ. በ1966 በሁለት ታካሚዎች ላይ ያየውን ውጤት ካሳተመ ወዲህ የዳበረው መንገድ፣ ታካሚው የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጋፈጥና አስገዳጁን ድርጊት እንዲተው የሚያደርግ በመሆኑ፣ መጋፈጥና ምላሽን መከልከል ሊባል ይችላል። ብክለትን የሚፈራ ሰው የበር እጀታ ነክቶ ሳይታጠብ ይቆያል፤ ይህ ማለት ግን ለማዕድ ሲቀርብ እጁን አይታጠብም ማለት አይደለም፤ የሚከለከለው ከአንዱ መታጠብ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

ኮግኒቲቭ ቴራፒ የሚባለው ደግሞ ትኩረቱን ለሐሳቡ በሚሰጠው ትርጉም ላይ ያደርጋል። ራክማንና ዴ ሲልቫ እ.ኤ.አ. በ1978 ጤነኞችም ተመሳሳይ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው አሳይተው ነበር፤ ፖል ሳልኮቭስኪስ በ1985 ይህን ይዞ፣ ታማሚውን የሚለየው ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ራሱን ከልክ በላይ ተጠያቂ ማድረጉ ነው ሲል አብራራ። ትንተናው ጥልቅ ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። «ልጄን እጎዳ ይሆን?» የሚል ታካሚ፣ ባለሙያው የመጉዳት ዕድሉ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ በማስረጃ ሲያስረዳው ተረጋግቶ ይወጣና፣ ማታ ያንኑ ማስረጃ በልቡ እየደገመ ያድራል፤ በዚህ ጊዜ ሕክምናው ራሱ ሌላ አስገዳጅ ድርጊት ሆኗል ማለት ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ስለዚህ ጥያቄውን ከመመለስ ይልቅ ታካሚው መልስ ሳያገኝ መቆየትን እንዲለማመድ ያግዘዋል፤ ይህን ሲያደርግ ግን፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ወደ ማየር መንገድ ተሻግሯል።

ኤድና ፎኣና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት የ12 ሳምንት ጥናት፣ ሕክምናውን ከጀመሩት መካከል በመጋፈጥ ዘዴ 62 በመቶ፣ ክሎሚፕራሚን በተባለው መድኃኒት 42 በመቶ፣ በሁለቱ ጥምረት 70 በመቶ፣ በአስመሳይ ክኒን 8 በመቶ የሚሆኑት ተሻሽለዋል። ቁጥሩ የሚያበረታታ ቢሆንም፣ መጋፈጥን ገና ሲሰሙት እምቢ የሚሉ ታካሚዎች በእንዲህ ያለ ስሌት ውስጥ አይገቡም፤ ለእነርሱ የኮግኒቲቭ ውይይት ጥሩ መግቢያ ይሆናል። መቀበልና መወሰን የተሰኘው አዲሱ አቀራረብም፣ ሐሳቡን ሳይታገሉ ወደሚወዱት ኑሮ መሄድን ስለሚያስተምር፣ ለዚሁ ዓላማ ያገለግላል።

ሕመሙ የሃይማኖት መልክ ሲይዝ የባለሙያው ጥንቃቄ ይጨምራል። ንስሐው ሙሉ እንዳልሆነ በመስጋት ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ የሚናዘዝ ምእመን፣ ወይም ውዱኡ እንደ ተበላሸ በመጠራጠር ሲታጠብ ሶላቱ የሚያልፍበት ሰው፣ እምነቱን እንዲጥስ ሊጠየቅ አይገባም። ባለሙያው በታካሚው ፈቃድ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ተነጋግሮ እምነቱ የሚጠይቀው ልክ የት ላይ እንደሚያበቃ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ የሃይማኖት አባቱም ሆነ ቤተሰቡ፣ ጥያቄው በተደገመ ቁጥር «ተፈቅዶልሃል» ከማለት እንዲታቀቡ አስቀድሞ ከታካሚው ጋር ይስማማሉ።