ቃዳና ሄክታር

ከቡሬ ወደ እንጅባራ ሲጓዙ ጥሊሊ መንገድ ላይ ናት። ዙሪያዋ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዛፍ ነው፤ ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅላል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዳል፣ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለቸገረው ተማሪ ከዚህ ወዲያ ምን ይምጣለት?

ተማሪ ወደ ገጠር የመውጣቱ ልማድ የቆየ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቹን ሳይመረቁ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሩ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ራሱ እንጅባራ ድረስ መጥቷል።

እኔን ደስ የሚለኝ ግን የመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ ማሳ ላይ ሲፈተን ነው። በአማርኛ የተጻፈው ጥያቄ ወደ አገውኛ መመለስ አለበት። «አባባ፣ ስንት ሄክታር አለዎት?» ትላለች ተማሪዋ። አዛውንቱ ገበሬ በአካባቢው የመሬት መለኪያ፣ በቃዳ፣ ይመልሳሉ። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ታሰላለች። «ዛፉ ለምን ታመመ?» የሚል ሣጥን ግን መጠይቁ ላይ የለም፤ እሳቸው ደግሞ ማውራት የሚፈልጉት ስለሱ ነው። ገልብጣ በጀርባው ትጽፋለች። (ከጽሑፉ ሁሉ የምጓጓው ለዚያ ጀርባ ነው።)

ስትነሳ፣ «ልጄ፣ ያገኘሽውን መጥተሽ ትነግሪናለሽ?» ይሏታል።