በመድኃኒት ቤት መስኮት ፊት

መድኃኒት የሚሸጥ ሰው እንደ ጨው ቸርቻሪ ሰፍሮ ሰጥቶ የሚያሰናብት ከሆነ፣ ያን ያህል ዘመን መማሩ ለምን አስፈለገ እያልሁ ብዙ ጊዜ እታዘባለሁ። ይኸን የምለው ግን ከዳር ቆሜ ለመፍረድ አይደለም፤ በደሉን አብሬ ሠርቻለሁና።

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አክስቴን ይዤ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር። የስኳር በሽታ እንዳለባት የታወቀው በዚያው ሳምንት ነው። ባለመድኃኒቱ የሐኪሙን ወረቀት ተቀብሎ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ክኒን አወጣና፣ በፖስታው ላይ «1×1» ብሎ ጽፎ፣ «ጧት ጧት አንድ፤ ገባዎት?» አላት። እርስዋም «አዎን፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ደግሞ አንድ ነገር ልትጠይቅ አፍዋን ስትከፍት፣ እኔ ሰልፉ መርዘሙን አይቼ ክንድዋን ይዤ ሳብኋት።

አክስቴ እንደ ታዘዘችው ክኒኑን ጧት በውሃ ትውጣለች፤ እህል የምትቀምሰው ግን ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ይህ መድኃኒት ደግሞ ተውጦ ምግብ ካልተከተለው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከሚገባው በታች ሊያወርደው ይችላል። በሦስተኛው ቀን በ6 ሰዓት ግድም ላብ አጥምቋት፣ እጅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ የገዛ ልጅዋን ስም እየሳተች አገኘናት። ጎረቤታችን ፈጥና ስኳር በውሃ በጥብጣ ባታጠጣት ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

የጎደለችው «ይጾማሉን?» የምትል አንዲት ጥያቄ ነበረች። ብትጠየቅ ኖሮ ከሐኪምዋም ከንስሓ አባትዋም ጋራ በመከረችበት ነበር።

ይሁን እንጂ ባለመድኃኒቱን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። መስኮቱ ጠባብ ነው፤ ድምፅዎን ዝቅ ቢያደርጉ አይሰማም፣ ከፍ ቢያደርጉ ሕመምዎን ሰልፈኛው ሁሉ ይሰማዋል። በዚህም ላይ የእኛ ሰው «አልገባኝም» ከሚል ሳይገባው መዋጥ ይቀለዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው የመድኃኒት አጠቃቀም መመዘኛ፣ ከሚለኩት ነገሮች አንዱ በሽተኛው መድኃኒቱን ሲቀበል የፈጀው ጊዜ ነው፤ ሌላው አወሳሰዱን ማወቁ ነው። ለ«ገባዎት?» መልሱ ሁልጊዜ «አዎን» ስለ ሆነ፣ «እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ማለት ይሻላል። ይኸውም የአንድ ደቂቃ ነገር ነው።

በቅርቡ ሌላ መድኃኒት ታዝዞላት ወደ ሌላ ቤት ሄድን። በመስኮቱ የነበረችው ወጣት ሁሉን አስረድታ ሲያበቃ፣ «እስቲ እማማ፣ መልሰው ይንገሩኝ» አለቻት። አክስቴ ቍጥሩን በትክክል ተናግራ፣ «ከምግብ ጋራ» የሚለውን ረሳችው። ልጅቱም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከኋላዬ አንድ ሰው አጕረመረመ፤ ዞር ብዬ «ጥቂት ይታገሡን» አልሁት።