የታመነ ፊት በአስፈሪ ፊልም ውስጥ

ፊልም የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጨዋታ አለ። በደግነቷ ወይም በጨዋነቷ የታወቀች ተዋናይት ትመረጥና፣ በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ብትገባ ምን ትመስል ነበር ይባላል። ሳቁ የሚመጣው ከአለመመሳሰሉ ነው። እኛ ግን ጨዋታው ከሳቅ ያለፈ ጥያቄ የያዘ ስለመሰለን፣ ነገሩ በሐሳብ ሳይቀር በሥራ የታየበትን አንድ ፊልም ልንመረምር ፈለግን። ይኸውም ጃክ ክሌይተን በ1961 ያዘጋጀው «ዘ ኢኖሰንትስ» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ዴቦራ ኬር በዚያን ጊዜ ለተመልካች እንግዳ አልነበረችም። በ1947 በ«ብላክ ናርሲሰስ»፣ በ1957 ደግሞ በ«ሄቨን ኖውስ፣ ሚስተር አሊሰን» የመነኩሲት ልብስ ለብሳ ታይታለች። በ1956 በ«ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» የሲያምን ንጉሥ ልጆች የምታስተምረውን አናን ሆናለች። እርግጥ ነው፣ በ1953 በ«ፍሮም ሂር ቱ ኢተርኒቲ» ባል ያላት ሴት ሆና በባሕር ዳር ከሌላ ወንድ ጋር መታየቷ ይህን ስሟን ጥቂት አናግቶት ነበር፤ አላፈረሰውም።

በ«ዘ ኢኖሰንትስ» እንደገና ያንኑ የአሥራ ዘጠነኛውን ምዕተ ዓመት ሰፊ ቀሚስ ለብሳ፣ እንደገና የሌላ ሰው ልጆች አስተማሪና ሞግዚት ሆና እናገኛታለን። ሚስ ጊደንስ ብላይ በሚባል የገጠር ቤት ማይልስና ፍሎራ የተባሉትን ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ተረክባ ሳለች፣ የሞቱት ሁለት የቤቱ ሠራተኞች፣ ኩዊንትና ሚስ ጄስል፣ ይታዩአታል። የልጆቹን ነፍስ ይዘዋል ብላም ታምናለች። ሙታኑ በእውነት መጥተው እንደሆነ ወይም ከራሷ አእምሮ የወጡ እንደሆነ ፊልሙ አይፈርድም፤ ሄንሪ ጄምስም በ1898 ባወጣው መነሻ ታሪክ አልፈረደም።

የተዋናይቱ ምርጫ ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ገና ስትገባ ዓይኗ የሚያስፈራ ሴት ብትሆን ኖሮ፣ አብዳለች ብለን በገላገልን ነበር። የኬርን ፊት ግን አስቀድመን አምነነዋል። እርሷ ስትጠረጥር እንጠረጥራለን፤ የልጆቹም ሹክሹክታ ለእኛም ወንጀል ይመስለናል። በመጨረሻ ማይልስን የኩዊንትን ስም ካልተናገርህ ብላ አስጨንቃው ልጁ ሲሞት፣ እርሷም ከንፈሩን ስትስመው፣ እስከዚያ ድረስ ከእርሷ ጋር እንደነበርን እናስታውሳለን። ከመናፍስቱ ይልቅ ያስፈራን ይህ ነው።

ከእኛ መካከል በሚስዮን አዳሪ ቤት ያደግን ሰዎች፣ ሌሊት በአልጋዎቹ መካከል የሚያልፈውን የአስተማሪ መብራት አንረሳውም። ሊጠብቀን ይምጣ ሊመረምረን፣ ብርሃኑ አይናገርም ነበር። ፊልሙን ያነሣው ፍሬዲ ፍራንሲስ የሥዕሉን ዳርና ዳር ቀለም በተቀባ ማጣሪያ አጨልሞ፣ ሴትዮዋን ሻማ አስይዞ በኮሪደሩ ሲያስኬዳት፣ ያ መብራት ትዝ አለን። ከዚህ ኮሌጅ ወጥተን ልጆችን የምናስተምር ብዙዎች እንደመሆናችን፣ በጎ አሳብ ይዞ ልጅን ማጥፋት እንደሚቻል ማየቱ ቀላል ነገር አልሆነልንም።

ቤቲ ዴቪስስ ትላላችሁ የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። በ1962 በ«ዋትኤቨር ሃፕንድ ቱ ቤቢ ጄን» ፊቷን በነጭ ዱቄት ለውሳ መቅረቧ ድፍረት ነው። ነገር ግን ክፋቱ በፊቷ ላይ ተጽፎ ስለሚታይ ተመልካቹ አስቀድሞ ይጠነቀቃል። ከዚህ ይልቅ ያው አዘጋጅ፣ ሮበርት አልድሪች፣ በ1964 በ«ሀሽ… ሀሽ፣ ስዊት ሻርሎት» ያደረገው ይበልጣል። ጆን ክሮፎርድ ስለታመመች በእርሷ ቦታ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድን አስገባ፤ የ1939ኙን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ደጓን ሜላኒን ማለታችን ነው። ያ ለስላሳ ድምፅ ተሰብሮ በመኪናው ውስጥ ሻርሎትን በጥፊ ስትመታ እንደነግጣለን። ጉድለቱ፣ ሁሉም ለውርስ ገንዘብ መሆኑ መገለጹ ነው። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ፍርሃታችን የፖሊስ ጉዳይ ይሆናል።

አሁን ወደ ጨዋታው እንመለስ። በ1964 «ሜሪ ፖፒንስ»ን፣ በ1965 «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚውዚክ»ን የሠራችው ጁሊ አንድሩስ ብላይ ብትገባስ? የመጀመሪያው ግማሽ ሳይሻል አይቀርም፤ ልጅ ሁሉ ይታዘዛታል፣ የቤቱ ሠራተኛም አትጠራጠራትም። የሚያሠጋን መግቢያው ነው። የልጆቹ አጎት ሚስ ጊደንስን ከመቅጠሩ በፊት፣ በምናብ የማየት ችሎታ አለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። አንድሩስ አዎን ብትለው በልበ ሙሉነት ትለውና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ኬር ግን አዎን የምትለው እንደ ምስጋና ቆጥራው፣ ደስ ብሏት ነው።