የማይታየው እግር

መጀመሪያ ሰማሁት እንጂ አላየሁትም። አንድ ጓደኛዬ የክሎድ ሌሉሽን «ሴቴ አን ራንዴቩ» («ቀጠሮ ነበር» እንበለው) በስልኩ ሲያይ እኔ አጠገቡ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፤ ኩርባ ሲደርስ ማርሽ ይቀነሳል፤ በሁለቱ ማርሾች መሀል ነዳጁ አንዴ ነካ ይደረግና ዙሩ ብድግ ይላል። «ይሄ ሰውዬ መንዳት ያውቃል» አልኩ፣ ምስሉን ገና ሳላይ።

ጆሮዬን ያሠለጠኑት ጋሼ ናቸው። አጎቴ ናቸው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። የድሮው መኪናቸው ካምቢዮ ስህተት አይምርም። የአባይ በረሃን ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሹን ዜሮ ላይ ያደርጋሉ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀው ነዳጅ ነካ፤ ደግመው ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ዝቅተኛው ማርሽ ያለ አንዳች ጩኸት ግብት። መለኪያቸው አንድ ብቻ ነበር፦ አጠገባቸው የተኛው ረዳት ከነቃ ማርሹ ተበላሽቷል።

የስፖርት መኪና ላይ ነገሩ ያው ነው፣ ፍሬን ተጨምሮበት። በሦስተኛ ማርሽ 3000 ዙር የሚሽከረከር ሞተር፣ በዚያው ፍጥነት በሁለተኛ ምናልባት 4500 ይፈልጋል። ልዩነቱን ሾፌሩ ካልሞላው ጎማዎቹ ይሞሉታል፤ መኪናው ይናጣል፣ የኋላው ጎማ ኩርባው አፍ ላይ ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ ቀኝ እግር በፊት መዳፉ ፍሬን እንደያዘ በጠርዙ ወይም በተረከዙ ነዳጁን ነካ ያደርጋል፤ ግራው በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮን ላይ ነው። አስቸጋሪው ፍሬኑን ሳያላሉ ነዳጁን መንካቱ ነው። እኔ ስለማመድ ለሳምንታት አንገቴን አሞኝ ነበር።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1976፣ በፓሪስ፣ ማለዳ ላይ የተቀረጸ ነው። ስምንት ደቂቃ ያህል፣ አንድም ቁርጥ የለውም። ካሜራው መኪናው ፊት ላይ ታስሯል፤ ከፖርት ዶፊን ተነስቶ በሻንዜሊዜ አድርጎ ሞንማርትር ላይ ሳክሬ ከር ደጃፍ ይቆማል። መክፈቻው ላይ ፊልሙ ያለ ማታለያና ያለ ማፋጠን መሠራቱን የሚናገር ጽሑፍ አለ።

የምንሰማው ግን ባለ አምስት ማርሽ ፌራሪ 275 ጂቲቢ ነው። ካሜራውን የተሸከመው ደግሞ የሌሉሽ መርሴዲስ 450 ኤስኢኤል 6.9፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር አውቶማቲክ! ያ ያደነቅሁት እግር እዚያ መኪና ውስጥ የለም። ፍሪሲዮንም የለም።

ፊልም ወዳጆች «የሲኒማ ድምፅ ሁሉ የተለጠፈ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ የቡጢ ድምፅም ከጉንጭ አይወጣም። እኔን የቆጨኝ ግን ውሸቱ ብቻ አይደለም፣ ውሸቱ የሠራው ሥራ ነው። አንድ ቀን ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። እግረኞች አሉ። ቀይ መብራት አለ፣ አንዱም አይከበርም። እርግቦች ይበተናሉ። ከሉቭር ቅስት በታች ያለው መውጫ ጭፍን ስለሆነ ሬዲዮ የያዘ ረዳት ቆሞበት ነበር፤ እንደሚተረከው ሬዲዮው አልሠራም። እነዚያ ሰዎች ሁሉ ድሮም ምስሉ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ አላየኋቸውም። ለምን? እያንዳንዱ የማርሽ ቅነሳ «አይዞህ፣ በእጄ ነው» ይለኝ ስለነበር። በትክክል የተቀነሰ ማርሽ የጥንቃቄ ድምፅ ነው፤ ሌሉሽ የተዋሰው ፌራሪውን ሳይሆን ያንን ጥንቃቄ ነው። ድምፁ ሲጠፋ የቀረው በሌላው ሰው ነፍስ ቁማር የሚጫወት ሰው ነው።

ፍርዴ ግን ሙሉ አይደለም። መጨረሻ ላይ መኪናው ቆሞ፣ ያቺ ሴት ደረጃውን ስትወጣ፣ ከኋላዋ ፓሪስ ተዘርግታ... አሁንም ደረቴን ይነካኛል። ይሄን መካድ አልችልም።

አይርተን ሴና ሱዙካ ላይ ሆንዳ ኤንኤስኤክስ ሲነዳ የተቀረጸውም አለ። እዚያ ካሜራው ወደ ፔዳሎቹ ይወርዳል። ነጭ ካልሲ፣ ማሰሪያ የሌለው የአዘቦት ጫማ። እግሩ ፍሬን ላይ እያለ ወደ ነዳጁ ዘንበል ይላል፣ ይመለሳል፤ ኩርባው ውስጥም ነዳጁን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ድምፁና እግሩ አንድ ላይ ናቸው።

ባለፈው ሁለቱንም ለጋሼ አሳየኋቸው። በሌሉሽ ፊልም መሀል «ምነው፣ ሰው አይታየውም?» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። የሴናን ሲያዩ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ጫማው የቢሮ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እስቲ እግሩን ብቻ መልስልኝ።»

ሦስት ጊዜ መለስኩላቸው።